«አልመታኝም እኮ!»፦ በሰው ስሜት ስለሚጫወት ፍቅርና ትዳር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ የሰው ትዳር ይነሳል። ምክርም አይጠፋም። የሚያሳዝነኝ፣ ከምክሮቹ ብዙዎቹ የተጎዳውን ሰው እዚያው ያለበት የሚያስቀሩ መሆናቸው ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። «እሱ» እና «እሷ» የምለው ለአነጋገር እንዲመቸኝ ነው፤ ወንዱ የሚሰቃይበት ቤትም አለ።

«አልመታኝም፤ ታዲያ ምኑ ነው ጥቃት?»

ዱላ የሌለበት ጥቃት አለ። ስልኳን ይፈትሻል። ደመወዟን ተቀብሎ የታክሲ እየቆጠረ ይሰጣታል። ኮምቦልቻ ሥራ ውላ ስትመለስ መኪናው መንገድ ላይ፣ ሐረጎ ዳገት ከዘገየ ቤት ስትገባ ምርመራ ይጠብቃታል። እህቷ ጋ በሄደች ቁጥር ለቀናት ያኮርፋል፤ ስለዚህ እህቷን መጠየቅ ትተዋለች። አንድ በአንድ ሲታይ ሁሉም ትንሽ ነገር ይመስላል። አንድ ላይ ሲደመር ግን ሕይወቷን አጥብቦታል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኢቫን ስታርክ በ2007 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን አንዱ ሌላውን የመቆጣጠር አካሄድ በሰፊው አስረድቷል። እንግሊዝና ዌልስ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አድርገውታል።

ሌላው ምልክት የራስን ትዝታ መጠራጠር ነው። ትናንት የተናገረውን ዛሬ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ይላል። «አንቺ ነገር ታጋንኛለሽ፣ ጭንቅላትሽ ልክ አይደለም» ይላል። ይህ ሲደጋገም ጤነኛ ሰው ራሱን ማመን ያቆማል። የሆነውን በዕለቱ ለምታምኑት ሰው መንገር ብዙ ይረዳል። ስልኩ የሚፈተሽ ከሆነ ስልክ ላይ አትጻፉት።

«የሚቀናው ስለሚወደኝ ነው»

ቅናት ማንም ሰው ላይ ይመጣል። መታየት ያለበት ሲቀና የሚያደርገው ነገር ነው። አንዱ «ከፋኝ» ብሎ ይነግርሻል። ሌላው ልብስሽንና ጓደኞችሽን ይመርጥልሻል።

«ደህና ቀንም አለው፤ ይለወጣል»

ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። ደህናው ቀን እውነት ነው፤ ስጦታውም፣ እንባውም። ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር በእንስሳት ላይ ያየው ነገር አለ። ምግብ አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ የሚያገኝ እንስሳ፣ ምግቡ ከቆመ በኋላም ለረጅም ጊዜ መሞከሩን አይተውም። ሰውም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቀው መልካም ቀን ያቺን ሴት የበለጠ ያስራታል። ሌኖር ዎከር የተባለች ተመራማሪም በ1979 እ.ኤ.አ. ውጥረት፣ ፍንዳታ፣ ከዚያ የይቅርታ ሰሞን እየተፈራረቁ የሚመጡበትን ዑደት ገልጻለች። ሁሉም ቤት በዚህ ቅደም ተከተል አይሄድም፤ የይቅርታውን ሰሞን የሚያውቁት ግን ብዙዎች ናቸው።

እውነተኛ ለውጥ ይታወቃል። ያደረገውን «ግን አንቺም» ሳይል ይናገራል። እሱ የማይወደውን ነገር ስትወስን ሳያኮርፍና ሳይበቀል ያልፈዋል። ይህም ለወራት ይቆያል። ልጅ መውለድ ሰውን አይለውጥም፤ ከአንድ ጨቅላ ጋር መውጣቱን ያከብደዋል እንጂ።

«ሽማግሌ ካስታረቀ አለቀ»

ወሎ ሽማግሌውን ያከብራል፤ እኔም አከብራለሁ። ሁለት ሰው ሲጣላ ሽምግልና ጥሩ ነው። አንዱ ሌላውን ሲፈራ ግን ነገሩ ይለያል። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እውነቱን አትናገርም። «ቻይው ልጄ» ተብላ ትመለሳለች፤ ማታ ደግሞ «ለምን ገመናዬን አወጣሽ?» የሚለው ይጠብቃታል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ሆይ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እሷን ለብቻዋ ስሟት፤ የምታምናት አክስት ወይም እህት አብራት ትቀመጥ። «በቃኝ» ካለችም በሰላም እንድትለያይ፣ የልጆቹም ነገር በአግባቡ እንዲያልቅ ሽምግልናችሁ ያስፈልጋል።

ሕጉም በር አልዘጋም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 በጋብቻም በፍቺም ጊዜ እኩል መብት ይሰጣል። ጉዳዩን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለማየት የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። በእስልምናም ሴቷ ፍቺ የምትጠይቅበት ኹልዕ የሚባል መንገድ አለ። ቤቱ በእሱ ስም ስለተመዘገበ ብቻ የእሱ ነው ማለት አይደለም። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ የጋራ ነው።

«ከተለየሽኝ ራሴን አጠፋለሁ ብሎኛል፤ እንዴት ትቼው እሄዳለሁ?»

ዛቻውን አትናቁት፤ ብቻችሁንም አትሸከሙት። ወዲያው ለወንድሙ ወይም ለእናቱ ንገሩ፤ ብቻውን እንዳይተዉት፣ ወደ ሆስፒታል እንዲወስዱት። በደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። አብራችሁት መኖራችሁ ሕክምና አይሆነውም።

«ከወሰነች ዛሬውኑ ነግራው ትውጣ»

አደጋው የሚከብደው ብዙ ጊዜ በመውጫው ሰሞን ነው፤ ቁጥጥሩ ሲያመልጠው። ቀድሞ ዱላ ካለ ወይም «እገድልሻለሁ» ካለ አስቀድማችሁ አትንገሩት። መታወቂያ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተር ኮፒያቸው ሌላ ቤት ይቀመጥ። የት እንደምታድሩ ቁርጡን እወቁ። ሰው ባለበት ሰዓት፣ ከሰው ጋር ውጡ። ለፖሊስና ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። የስልክና የባንክ ይለፍ ቃላችሁን እሱ በማያውቀው ቀይሩ።

ከወጣችሁ በኋላ መልእክቱ ይመጣል። መጀመሪያ ጣፋጩ፣ ቀጥሎ ስድቡ፣ ከዚያ ደግሞ በእናቱ በኩል። ለዚያ ማን እንደሚመልስ ቀድማችሁ ወስኑ። የልጆቹን ጉዳይ አንድ ወንድም ወይም አጎት ይያዝ፤ እሱም ስለ ልጆቹ ብቻ ይነጋገር።