የሽግግር ፍትሕ ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ ሰው ሲገደል ሁለት ቤት ይታመማል። የሟች ወገን ደሙን ለመመለስ ያደባል፤ የገዳይ ወገን ገበያ መውጣት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ይፈራል። ሽማግሌዎችና ካህናት ገብተው ደም ሲያደርቁ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሟች ቤተሰብ ፊት ይቀርባል። «አጥፍቻለሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ» ይላል። ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል። ጥፋቱ ሳይታመን እርቅ የለም። እናቶች ብዙ ጊዜ በዚያ ሸንጎ አለመናገራቸው ግን ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ገዳዩ መንግሥት ወይም የታጠቀ ኃይል ሲሆንስ? ዳኛውም ፖሊሱም ለአጥፊው ሲያገለግሉ የኖሩ ሲሆኑስ? ከአምባገነን አገዛዝ ወይም ከእርስ በርስ ጦርነት የሚወጣ ሕዝብ ያለፈውን በደል የሚዳኝበት መንገድ የሽግግር ፍትሕ ይባላል። ክስ፣ እውነት ማፈላለግ፣ ካሳ፣ የተቋማት ማሻሻያ፣ አንዳንዴም በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ምሕረት አለበት። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ባቋቋመችው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ምሕረት የሚያገኘው የሠራውን ሳይደብቅ የተናገረ ነበር።

እኛ የመረጥነው ክስን ነው። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው ችሎት በ1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት ጥፋተኛ አለ። ተገቢ ፍርድ ነበር። ሆኖም የልጇ አስከሬን የት እንደተቀበረ ለእናት መንገር ከቅጣት የተለየ ሥራ ነው።

ከዚያ በፊት በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲነሳ ጦር ዘመተበት፤ መንደሮች ከአየር ተደበደቡ። በኋላ አገረ ገዥው ተነሱ፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። ግብሩ ቀረ እንጂ «ይህን ያህል ሰው ገድለናል» ብሎ ከገበሬው ፊት የቆመ አልነበረም። በእኔ እምነት ያ ደም አልደረቀም።

የኢትዮጵያ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። በዚያ ወር ጎጃም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር፤ ተኩሱም አልቆመም። ሽማግሌ እንኳ ደም የሚያደርቀው ጠብመንጃ ከትከሻ ወርዶ ነው። ልጇን የተነጠቀች የቢቸና እናት ኮሚሽን ፊት ቆማ የገዳዩን ስም እንድትጠራ ከተፈለገ፣ ማታ በሯን የሚያንኳኳ እንደማይኖር አስቀድማ ማወቅ አለባት።