ፕሮዳክት ማናጀር ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ "የምርት ሥራ አስኪያጅ" የሚል የሥራ ማስታወቂያ አየሁ። ዝርዝሩን ሳነበው ሥራው የሞባይል መተግበሪያ ላይ ነው። በአማርኛ የምርት ሥራ አስኪያጅ ሲባል ለሰው የሚመጣለት ጨርቅ ወይም ጠርሙስ የሚያመርት ፋብሪካ ነው። ስለዚህ እኔ ፕሮዳክት ማናጀር እያልኩ እቀጥላለሁ።

የስሙስ ይሁን። አንዱ ከማስታወቂያው ሥር "ያው ፕሮጀክት ማናጀር ነው፤ ስሙን አሳምረውት ነው" ብሎ ጻፈ። አይደለም ወንድሜ!

ድግስ እናስብ። ፕሮጀክት ማናጀሩ ድንኳኑ በጊዜ እንዲተከል፣ ወጡ በሰዓቱ እንዲደርስ፣ ወጪው ከበጀት እንዳያልፍ ይከታተላል። ከባድ ሥራ ነው። ፕሮዳክት ማናጀሩ ግን ገና በግ ሳይገዛ "እንግዶቹ እነማን ናቸው? ይጾማሉ?" ብሎ የሚጠይቀው ነው። ዶሮ ወጡ ጣፍጦ፣ በሰዓቱ ቀርቦ፣ ቀኑ አርብ ቢሆንስ? ጥፋቱ የወጥ ሠሪዋ አይደለም፤ ቀድሞ የጠየቀ ሰው ስለሌለ ነው። ደግሞ ፕሮዳክት ማናጀሩ ወጥ ሠሪዋን አያዛትም፤ የቀጠራት እሱ አይደለም። አስረድቶ ማሳመን አለበት። "የፕሮዳክቱ አለቃ" የሚሉትም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኢንጂነሮቹና ዲዛይነሮቹ ብዙውን ጊዜ ተጠሪነታቸው ለሌላ ሰው ነው።

ውሎው ምን ይመስላል? ገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ እንውሰድ። ጠዋት ቁጥር ያያል፤ መላክ ጀምረው የተዉት የት ላይ ነው? የማረጋገጫ ኮዱን በኤስኤምኤስ ሲጠብቁ ከሆነ፣ የደንበኞችን ስልክ ከሚያነሱት ጋር ቁጭ ብሎ ቅሬታ ይሰማል። ወኪል ሱቅ ሄዶ ሰው ሲጠቀም ያያል። ቁጥር የት እንዳቆሙ እንጂ ለምን እንዳቆሙ አይናገርምና። በዚያ ላይ በባለ ቁልፍ ስልክ አጭር ቁጥር ደውለው የሚልኩት ሰዎች በመተግበሪያው ቁጥር ውስጥ የሉም። ይህ በጣም ይረሳል። ከሰዓት የሽያጭ ሠራተኞች አዲስ አገልግሎት ይጨመር ይላሉ፣ ኃላፊው ቀለሙ ይቀየር ይላል። እሱ "መጀመሪያ የማረጋገጫ ኮዱ ይስተካከል" ይላል፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ ያስቀምጣል። እምቢ ማለት የሥራው ትልቁ ክፍል ነው።

የሙያው መነሻ ተደርጎ የሚነገረው እ.ኤ.አ. በ1931 የተጻፈ ማስታወሻ ነው። በአሜሪካው ሳሙና አምራች በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የካሜይ ሳሙናን ማስታወቂያ ይሠራ የነበረው ኒል ማክኤልሮይ ነው የጻፈው። ለእያንዳንዱ ሳሙና ራሱን የቻለ የሚከታተለው ሰው ይመደብ አለ።

አምስት ሰው ባለበት ድርጅት አንዱ ሰው የፕሮዳክቱንም የፕሮጀክቱንም ማናጀርነት ሊሠራ ይችላል፤ ግድ ነው። ማስታወቂያው ውስጥ ግን ደንበኛን ስለ ማነጋገር አንድም ቃል ከሌለ፣ የሚፈልጉት ፕሮጀክት ማናጀር ነው። እንደዚያው ብለው ይጻፉት።