የዋይፋይ ሲግናል ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተማሪ ስለ ግቢው ዋይፋይ ሲከራከር ሰማሁ። «ሲግናሉ እኮ ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔቱን ሆን ብለው ነው የሚዘጉብን» ይላል። የግቢ ኔትወርክ ላይ ስለምሠራ ይህን ከዶርምም ከመምህራን ቢሮም እሰማዋለሁ። አሳይመንት ሊልክ ሲል የተቋረጠበት ሰው ቢናደድ አልፈርድበትም። ስህተቱ ያለው «ሙሉ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ሲግናል የሚነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስልካችሁ ኮርኒስ ላይ የተሰቀለውን አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ሳጥን) ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማው። ከግቢው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው የፋይበር መስመር ቢቆረጥ እንኳ ምልክቱ ሙሉ እንደሆነ ይቆያል።

ታክሲ ተራ ቆማችኋል እንበል። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል። ድምፁ ጎልቶ ከተሰማችሁ ታክሲው ቅርብ ነው። ሲግናል ማለት ይኸው ጥሪ ነው። ወንበር ይኑር አይኑር፣ መንገዱ ይከፈት ይዘጋ፣ ጥሪው አይናገርም።

ወንበሩ አይፒ አድራሻ ነው፤ መሣሪያችሁ ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር ማለት ነው። የሚያድለው ዲኤችሲፒ የሚባል አገልግሎት ነው። በተለመደው አነስተኛ አከፋፈል አንድ ኔትወርክ 254 አድራሻ ብቻ አለው። 127 ተማሪ ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ከገባ ሞላ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» ሳይል ይወርዳል። ከግቢ የወጣ ስልክ የያዘው አድራሻ ወዲያው አይለቀቅም፤ የተሰጠው ጊዜ እስኪያልቅ በስሙ ይቆያል። ይህ ጊዜ 24 ሰዓት ተብሎ ከተሞላ፣ ጠዋት ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ የመጣ ሰው እስከ ነገ ወንበር ይዟል። ይህን ማስተካከል የእኛ ሥራ ነው፤ ተማሪው ሊወቀስበት አይገባም።

ወንበር ያጣ ላፕቶፕ ለራሱ ቁጥር ይፈጥራል። ዊንዶውስ ላይ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ ዲኤችሲፒ አልመለሰላችሁም። ጥሪውን እየሰማችሁ ደጅ ቀርታችኋል። በነገራችን ላይ፣ ግቢያችሁ መሣሪያ የሚመዘግበው በማክ አድራሻ (በመሣሪያው የዋይፋይ መለያ ቁጥር) ከሆነ ተጠንቀቁ። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች እውነተኛውን ቁጥር ስለሚደብቁ፣ የተመዘገበውና የሚታየው ላይገጥሙ ይችላሉ።

«እንግዲያው የአክሰስ ፖይንቱን ኃይል ጨምሩልን» የሚሉም አሉ። ረዳቱ በጣም ቢጮህ ከሩቅ ትሰሙታላችሁ፤ እናንተ የምትመልሱለት ግን እሱ ዘንድ አይደርስም። የስልክ ድምፅ ደካማ ነው። ጥግ ያለው ዶርም ውስጥ ሲግናል እየታየ ምንም የማይከፈተው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አንድ ቻናል (የሬዲዮ መስመር) ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ነው፤ ዋይፋይ 6 የሚባለው ስሪት ይህን በከፊል አሻሽሎታል። 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ ደግሞ የማይነካኩት ቻናሎች ሦስት ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ማታ ዋይፋዩ ዘገየ ብሎ በየዶርሙ ሆትስፖት የሚከፍት ሰው ያንኑ አየር ያጨናንቃል።

አንዳንዴ ደግሞ ወንበሩም አለ፣ መንገዱም ክፍት ነው፣ ሾፌሩ ግን የምትሄዱበትን ቦታ አያውቀውም። 8.8.8.8 የሚባለውን የጉግል ሰርቨር ፒንግ ስታደርጉ («አለህ ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ) ከመለሰ፣ የድረ ገጽ ስም ስትጽፉ ግን ገጹ ካልተከፈተ ችግሩ ብዙ ጊዜ ዲኤንኤስ፣ ማለትም ስሙን ወደ አይፒ ቁጥር የሚቀይረው አገልግሎት ነው። ፒንግን የሚከለክሉ ግቢዎች ስላሉ መልስ ማጣት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የዋይፋዩ መግቢያ ገጽ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሞባይል ዳታውን አጥፉ። ስልኩ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያይ በዳታ ሊወጣ ይችላል፤ ካርዳችሁም ሳታውቁት ያልቃል። የስልኩን ቀንም እዩ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶ የሚመጣ ሰው አጋጥሞኛል። ስልኩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቀር የድረ ገጾቹን ሰርተፍኬት (የእውነተኛነት ማረጋገጫ) ገና ሥራ ያልጀመረ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አይከፍትም።

«ሆን ብለው ዘጉት» ላለው ልጅም መልስ አለኝ። አንዳንድ ገጾች የሚዘጉበት ግቢ አለ፤ አልክድም። ነገር ግን አንድ ገጽ ብቻ እምቢ ማለቱና ሁሉም መጥፋቱ አንድ አይደሉም። ይህን ሳይለዩ መክሰስ ልክ አይመስለኝም።

ወደ አይሲቲ ክፍል ስትመጡ «ሲግናል ሙሉ ነው ግን አይሠራም» ብቻ አትበሉን። የትኛው ሕንፃ፣ የትኛው ፎቅ እንደሆነ ንገሩን። በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ስልኩ የያዘው የአይፒ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ አጠገባችሁ ላለው ሰው ይሠራለት እንደሆነም ጨምሩ። ይህን ከነገራችሁኝ ወደ ሕንፃው መሮጥ እንዳለብኝ ወይም ሰርቨሩን ማየት እንዳለብኝ ከወንበሬ ሳልነሳ አውቃለሁ።