የጋራ ማይክሮስኮፕ ክፍል መስፈርት ምንድን ነው?

አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም ውድ ማይክሮስኮፖችን ገዝቶ ብዙ ተመራማሪዎች በጋራ እንዲጠቀሙባቸው ሲያስብ፣ መሣሪያዎቹ የሚገቡበት ክፍል ምን ምን ማሟላት እንዳለበት አስቀድሞ የሚጻፍ ሰነድ ነው። ወለሉ፣ አየሩ፣ ኤሌክትሪኩ፣ በሩ፣ ጎረቤቱ ሳይቀር በቁጥር ይሰፍራል። በእኔ እምነት ሰነዱ ማለቅ ያለበት ከግዢው ጨረታ በፊት ነው። ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ክፍል ማፈላለግ ስንት ወር እንደሚበላ አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ የሚለካው ንዝረት ነው። ሰው ቆሞ የሚሰማው ንዝረት በሰከንድ 100 ማይክሮሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ለማይክሮስኮፕ ክፍሎች የሚያገለግለው ቪሲ የተባለው ደረጃ ግን ከ50 ይጀምርና በጣም ስሱ ለሆኑት እስከ 3 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ «ገብቼ አየሁት፣ ምንም አይነቃነቅም» የሚል ምስክርነት አይበቃም፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በመሣሪያ መለካት አለበት። ከላይኛው ፎቅ ይልቅ በቀጥታ አፈር ላይ ያረፈ ወለል የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

መሀል አዲስ አበባ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ባቡሩ ሲነሳና ሲቆም በመስመሩ የሚያልፈው ጅረት ስለሚለዋወጥ በዙሪያው ያለው መግነጢሳዊ መስክም አብሮ ይለዋወጣል። ለተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ይህ ምንም አይደለም። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ግን ምስሉን የሚሠራው መግነጢስ በሚያጥፈው ጨረር ስለሆነ ትንሽ ለውጥ እንኳ ምስሉን ያወዛውዘዋል። በመስቀል አደባባይና በሜክሲኮ መካከል ክፍል የሚፈልግ ተቋም ባቡሩ በሚመላለስበት ሰዓት ሳይለካ ውል መፈረም የለበትም። የሕንፃው ሊፍትም እንደዚሁ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ብረት ነውና።

«አዲስ አበባ አየሯ ተስማሚ ነው፣ ኤሲ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ለሰው ትክክል ነው። ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ቀኑ ከ20 በላይ ይወጣል። 10 ሴንቲ ሜትር ብረት በ1 ዲግሪ ለውጥ ብቻ 1.2 ማይክሮሜትር ገደማ ይረዝማል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሕዋስ ሲቀርጽ የሚያድር ማይክሮስኮፕ ጠዋት ላይ ሌላ ቦታ ሲያይ ይገኛል። ዋናው ነገር ማቀዝቀዙ አይደለም፤ ሙቀቱ ሳይለዋወጥ መቆየቱ ነው። የኤሲው ንፋስም በቀጥታ መሣሪያው ላይ ማረፍ የለበትም።

ከፍታውን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የብዙ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች መመሪያ ደግሞ የሚሸፍነው እስከ 2,000 ሜትር ነው። ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፣ ጄኔሬተርም ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። አቅራቢው ለዚህ ከፍታ ዋስትና እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይጠየቅ። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚያቆይ ዩፒኤስ የግድ ነው።

የጋራ መሆኑ ራሱ ቦታ ይጠይቃል። ናሙና የሚዘጋጅበት ክፍል ለብቻ ይሁን፤ ፎርማሊንና ውኃ ከሌንስ ጋር አይኑሩ። ሌዘር ያለበት ክፍል በሩ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ይኑረው። መረጃውም ቀላል አይደለም፦ 2,048 በ2,048 ነጥብ ያለው የ16 ቢት ካሜራ አንድ ምስሉ 8 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በሰከንድ 100 ቢያነሳ 800 ሜጋባይት ይሆናል። ይህን በፍላሽ ማመላለስ አይቻልም፤ የኔትወርክ ገመዱ ግድግዳው ሳይለሰን ይዘርጋ።

አንድ ክፍል ብቻ መጨመር ከተቻለ የእኔ ምርጫ ምስል የሚተነተንበት የኮምፒውተር ክፍል ነው። እሱ ከሌለ ከጥቁር አንበሳ ናሙናዋን ይዛ የመጣች ተማሪ ኮሪደር ላይ ወረፋ ትጠብቃለች፣ ውስጥ ያለው ደግሞ ማይክሮስኮፑን አጥፍቶ እዚያው ወንበር ላይ ሴሎች እየቆጠረ ይውላል።