ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው? ስለ ብረታ ብረት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ማግኔት ከሳበው ትክክለኛ የማይዝግ ብረት አይደለም»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው፤ ደኅናውን ዕቃ አስጥሎ የማይረባውን ያስገዛልና። ብረትን የማይዝግ የሚያሰኘው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም መያዙ ነው። በማግኔት መሳብ አለመሳቡን የሚወስነው ግን የአተሞቹ አደራደር ነው። ማንኪያና ድስት ላይ «18/8» ተብሎ የሚታተመው 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል አለው፤ ኒኬሉ አደራደሩን ስለሚለውጠው አይሳብም። ኒኬል የሌለበት ዓይነት ይሳባል፤ እሱም ሙሉ በሙሉ የማይዝግ ብረት ነው። ጥሩ ቢላዋ የሚሠራው ከሚሳበው ወገን ነው፤ «18/8» በእሳት ተግሎ በውሃ ቢነከርም አይጠነክርምና። ደግሞም «18/8» ራሱ ሳይሞቅ ሲታጠፍ ወይም ሲለጠጥ፣ መታጠፊያው ላይ በማግኔት በመጠኑ መሳብ ይጀምራል። የዕቃ ማጠቢያ ገንዳን ማእዘን በማግኔት የነካካ ሰው ይህን በእጁ ያረጋግጣል።

ለወርቅም ያው ነው። መዳብ፣ ነሐስ፣ እርሳስና ተንግስተን ሁሉም በማግኔት አይሳቡም። ስለዚህ አለመሳብ ብቻውን ወርቅነትን አይመሰክርም።

«የማይዝግ ብረት ፈጽሞ አይዝግም»

ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ብቻ የሚወፍር ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫርም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን ይጠግናል። ጠላቱ ክሎራይድ ነው። የጨው ውሃ ወይም በረኪና ላዩ ላይ ካደረ ሽፋኑን በነጥብ በነጥብ ይበሳና መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ይተዋል።

ገንዳው ላይ ድንገት የሚታየው ቡናማ ነጠብጣብ ግን ብዙ ጊዜ ከራሱ ከገንዳው አይመጣም። በተራ የብረት መፈተጊያ ሲታሸት ስብርባሪው ገጹ ላይ ይቀራል፤ እርጥበት ሲያገኝ የሚዝገውም እሱ ነው። ቶሎ ከታየ በለስላሳ ስፖንጅና በሳሙና ይለቃል። ከሰነበተ ግን ሥሩ ያለውን ሽፋን ይጎዳል።

«አሉሚኒየምን ምንም አይነካውም»

አሉሚኒየም ከኦክስጅን ጋር ለመዋሃድ ከብረት ይበልጥ ይቸኩላል። የሚያድነው ኦክሳይዱ ገጹ ላይ አጥብቆ መያዙ ነው። የብረት ዝገት ግን ያብጣል፣ ይቀረፋል፣ አዲስ ገጽም ለአየር ያጋልጣል። የአሉሚኒየምን ሽፋን አሲድም፣ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ጠንካራ አልካሊም ያሟሙታል። በመሆኑም ኮምጣጣ ምግብ በአሉሚኒየም ድስት አይደር። ጠንካራ አልካሊ በሆነው በኮስቲክ ሶዳም አይታጠብ፤ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ተቀጣጣይ የሆነው ሃይድሮጅንም ይወጣል።

«በዚንክ የተለበጠ ብረት ከተጫረ ሽፋኑ ዋጋ የለውም»

የዚንክ ሥራ መሸፈን ብቻ ቢሆን ኖሮ አባባሉ ልክ ይሆን ነበር። ነገር ግን ዚንክ ኤሌክትሮኑን ከብረት ይልቅ በቀላሉ ይለቃል፤ እርጥበት ሁለቱን ሲያገናኛቸው የሚበላው ዚንኩ ነው፣ ብረቱ ይተርፋል። የተቆረጠ ላሜራ ጠርዝን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ፣ መሐል ላይ ራቁቱን የቀረ ብረት አለ፤ ሆኖም ረጅም ጊዜ የሚታየው የዚንኩ ነጭ ዱቄት እንጂ ቀይ ዝገት አይደለም። ጥበቃው ወሰን አለው፤ ሰፊ ቦታ ከተላጠ ዚንኩ መሐሉ ድረስ አይደርስም፣ ቀለም መቀባት ያስፈልጋል።

ለምግብ ጣሳ የሚሆነው ብረት የሚለበጥበት ቲን ነገሩን ይገለብጠዋል። ጣሳው ውጪው ተጭሮ እርጥበት ካገኘ ቀድሞ የሚበላው ብረቱ ነው፤ ያውም ምንም ካልተለበጠ ብረት በፈጠነ አኳኋን።

«ብረት የሚጠነክረው ንጹሕ ሲሆን ነው»

ንጹሕ ወርቅ፣ ንጹሕ መዳብ፣ ንጹሕ ብረትም ጭምር ለስላሳ ናቸው። የአተሞቻቸው ረድፎች አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ ይንሸራተታሉ፤ መጠኑ የተለየ ባዕድ አተም ሲገባ መንሸራተቱን ያግዳል። ብረት ውስጥ ከ1 በመቶ በታች የሆነ ካርቦን ሲገባ እንኳ ጠንካራ አረብ ብረት ይወጣል። ከ2 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ በምት የሚሰበር ቅይጥ ይሆናል። ለዚህ ነው ቅይጥ ማለት የተበረዘ ማለት ነው የሚለውን ንቀት የማልቀበለው። 75 በመቶ ወርቅ ያለው ባለ 18 ካራት ቀለበት ከባለ 24 ካራቱ ይልቅ ጭረትንና መጣመምን ይቋቋማል።

ቅይጥ ከወላጆቹ የማይገመት ጠባይም ያመጣል። ቲን በ232፣ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣሉ፤ 63 በመቶ ቲንና 37 በመቶ እርሳስ ሲቀየጡ ግን 183 ዲግሪ ይበቃል። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ሰሌዳውን ሳያቃጥሉ ሽቦ የሚያጣብቁት በዚህ የተነሳ ነው።

«ከሁሉም የሚከብደው እርሳስ ነው»

አይደለም። የእርሳስ እፍጋት በኩብ ሴንቲሜትር 11.3 ግራም ነው፣ የወርቅ 19.3።

«ኤሌክትሪክን ከሁሉ አብልጦ የሚያስተላልፈው ወርቅ ነው»

የሚመራው ብር ነው፤ መዳብ ይከተላል፣ ወርቅ ሦስተኛ ነው። ወርቅ በኮምፒውተር መሰኪያዎች ላይ የሚለበጠው ስለማይዝግ ነው። አራተኛው አሉሚኒየም ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ብቻ ያስተላልፋል፤ በእኩል ይዘት ሲመዘን ግን ክብደቱ የመዳብን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የሚዘረጋው የከፍተኛ ኃይል መስመር ከአሉሚኒየም ይሠራል፣ ውጥረቱን የሚሸከምለት የአረብ ብረት ሽቦም በመሐሉ ያልፋል።