ፓትሪሺያ ራውትሌጅ፦ ከሃያሲንት ባሻገር

ፓትሪሺያ ራውትሌጅ እንግሊዛዊት የመድረክና የቴሌቪዥን ተዋናይት ነበረች። ዓለም የሚያውቃት በአንድ ገጸ ባሕርይ ነው፤ «ኪፒንግ አፕ አፒራንስስ» በተባለው የቢቢሲ ሲትኮም (አስቂኝ ተከታታይ ድራማ) ላይ በተጫወተቻት በሃያሲንት ባኬት። ይህን ዝና ስታገኝ ግን ዕድሜዋ ከ60 አልፎ ነበር። ከዚያ በፊት በለንደንና በኒውዮርክ መድረኮች እየዘፈነች ስትተውን ኖራለች፤ ትልልቅ ሽልማቶችንም ወስዳለች። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደችው ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1929 ትራንሚር በሚባል ሰፈር ነው። ቦታው በርከንሄድ ውስጥ፣ ከሊቨርፑል በመርሲ ወንዝ ማዶ ይገኛል። አባቷ ነጋዴ ነበሩ፤ የልብስ ነክ ዕቃዎች ሱቅ ነበራቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤተሰቡ ሳምንታት እየቆጠረ ከሱቁ ሥር ባለው ምድር ቤት ያድር ነበር። በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማረች። ቲያትር ውስጥ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1952 በሊቨርፑል ፕሌይሃውስ በሼክስፒር ተውኔት ጀመረች። ብሪስቶል ኦልድ ቪክ የቲያትር ትምህርት ቤትም ሠልጥናለች።

ድምጿ ትልቅ ሀብቷ ነበር። በ1968 «ዳርሊንግ ኦፍ ዘ ዴይ» የተባለ የሙዚቃ ቲያትር በኒውዮርኩ የቲያትር ሰፈር በብሮድዌይ ተጫወተች። ትዕይንቱ አንድ ወር እንኳ በወጉ ሳይታይ ተዘጋ። እሷ ግን ቶኒ የተባለውን የአሜሪካ ትልቅ የቲያትር ሽልማት በዚያ ዓመት ከተዋናይት ሌስሊ አጋምስ ጋር ተጋራች። የወደቀ ሥራ ውስጥ ቆሞ ያንን ሽልማት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። በ1976 ደግሞ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሊዮናርድ በርንስታይን ሙዚቃውን የደረሰው ሌላ የሙዚቃ ቲያትር ላይ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን ሚስቶች በየተራ እየሆነች ተጫወተች። ያም በ7 ትዕይንት ቀረ። ከበርንስታይን ጋር የነበራት ዕዳ የተከፈለው ዘግይቶ ነው፤ በ1988 በእሱው «ካንዲድ» ላይ በተጫወተችው ሚና ኦሊቪየር የተባለውን የለንደን ሽልማት ወሰደች።

ወደ ቴሌቪዥን ስንመጣ፣ ያነሷት ሁለት ጸሐፊዎች ናቸው። አለን ቤኔት ለብቻዋ ካሜራ ፊት ተቀምጣ የምትናገርባቸውን ድራማዎች ጻፈላት። የመጀመሪያው የወጣው በ1982 ነው። በኋላ «ቶኪንግ ሄድስ» በተሰኘው ተከታታይ ውስጥ ጎረቤቶቿን እየሰለለች የአቤቱታና የስም ማጥፊያ ደብዳቤ የምትጽፍ ብቸኛ ሴት ሆነች። ሴትዮዋ በደብዳቤዋ ጦስ እስር ቤት ትገባለች፤ እዚያም ከቤቷ ይልቅ ሰው አግኝታ ደስ ይላታል። እኔ ከሃያሲንት ይልቅ ይህንን ሥራዋን አስበልጣለሁ። ሁለተኛዋ ቪክቶሪያ ዉድ ናት። በእሷ ፕሮግራም ላይ ራውትሌጅ ኪቲ የምትባል፣ በማይመለከታት ሁሉ አስተያየት የምትሰጥ ሴትዮ ሆና ሰውን በሳቅ ታፈርስ ነበር።

«ኪፒንግ አፕ አፒራንስስ» የጀመረው በ1990 ነው። ደራሲው ሮይ ክላርክ ይባላል። ሃያሲንት ከድሃ ቤተሰብ የወጣች፣ ትልቅ ሰው ለመምሰል የማታደርገው የሌላት ሴት ናት። ከባሏ የወሰደችው ስም ባኬት፣ ማለትም ባልዲ ነው። እሷ ግን ስልክ ባነሳች ቁጥር «ቡኬ» እያለች እንደ አበባ እቅፍ ታሳምረዋለች። የሻማ ብርሃን እራት እያለች ጎረቤት ትጠራለች፤ ተጠሪው ግን ሰበብ ፍለጋ ይሯሯጣል። ጎረቤቷ ኤልሳቤጥ ውድ የሸክላ ስኒ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ቡናው ይደፋል። እህቷ ዴይዚ ደግሞ ከሥራ ፈቱ ባሏ ከኦንስሎው ጋር በተዝረከረከ ቤት ትኖራለች። ሃያሲንት ያንን ዘመድ ከሰው ዓይን ለመደበቅ ስትል የማትሠራው ጉድ የለም። የታይታ ኑሮና «ሰው ምን ይለኛል» ማለት የትም አገር ያለ ነገር ስለሆነ፣ ፊልሙ ማስተርጎም እንጂ ማስረዳት አያስፈልገውም። ቢቢሲ ለውጭ ጣቢያዎች በብዛት ከሸጣቸው ሥራዎች አንዱ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ራውትሌጅ ገጸ ባሕርይዋን በቃል ብቻ አልተጫወተቻትም። በኦንስሎው ደጅ የቆመች አሮጌ መኪና አለች፤ ውስጧ ውሻ ይተኛል። ሃያሲንት ስታልፍ ይጮህባታል፤ እሷም ኮፍያዋን ይዛ አጥር ላይ ትደገፋለች። ይህ በየክፍሉ ይደጋገማል፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ሳትጠብቀው የመጣባት ያህል ትደነግጣለች። ባሏን ሪቻርድን የተጫወተው ክላይቭ ስዊፍት ዝም ብሎ በመታከት ያግዛታል። ሃያሲንት ዘፈን ስትጀምር ጎረቤቱ ኤመት እግሬ አውጪኝ ይላል። እንደዚያ አበላሽቶ ለመዝፈን መጀመሪያ አሳምሮ መዝፈን መቻልን ይጠይቃል። በእነዚያው ዓመታት፣ በ1992፣ በለንደኑ ናሽናል ቲያትር በ«ካሩሴል» ላይ ተጫውታለች። በዚያ ውስጥ የእሷ ገጸ ባሕርይ የምትዘፍነው «ዩል ኔቨር ዎክ አሎን» ነው። አዎ፣ የሊቨርፑል ደጋፊዎች አንፊልድ ላይ የሚያቀነቅኑት ያው ዘፈን።

ሲትኮሙ በ1995 አበቃ፤ 5 ምዕራፍና 44 ክፍሎች አሉት። የበቃው እሷ በቃኝ ስላለች ነው፤ ተመልካቹ ሳይሰለች መውጣትን መረጠች። ወዲያውም ከ1996 እስከ 1998 «ሄቲ ዌንትሮፕ ኢንቨስቲጌትስ» ላይ መርማሪ የሆነች ጡረተኛ ሴትዮ ሆና ቀረበች። ረዳቷ ገና ጀማሪው ዶሚኒክ ሞናሃን ነበር፤ በኋላ «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ላይ ያየነው ልጅ። በእርጅናዋም መድረክ አልተወችም፤ ማይራ ሄስ ስለተባለች ፒያኖ ተጫዋች ከአንድ ፒያኒስት ጋር እየዞረች ትተርክ ነበር። በ2017 «ዴም» የሚለውን የክብር ማዕረግ ተቀበለች። ትዳር አልመሠረተችም፤ ልጅም አልነበራትም። ኦክቶበር 3 ቀን 2025 በ96 ዓመቷ አረፈች።

በ2016 ቢቢሲ የሃያሲንትን የወጣትነት ታሪክ የሚያሳይ አዲስ ክፍል አስቀርቦ ነበር። ጽሑፉ የሮይ ክላርክ፣ ሃያሲንት ደግሞ ኬሪ ሃዋርድ ናት። ከዚያ አንድ ክፍል በኋላ ግን የቀጠለ አልነበረም።