ለፊልም ጥናት የሚዘጋጅ ፖርትፎሊዮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ውስጥ ለፊልም ጥናት ትምህርት የሚያመለክቱ ወጣቶችን የሥራ ስብስብ (ፖርትፎሊዮ) እያየሁ አስተያየት መስጠት ከጀመርኩ ወዲህ በየዓመቱ የሚያደክመኝ ያው አንድ ስሕተት ነው። ከእሱ በፊት ግን ቀለል ያሉትን ላንሳ።

«ውድ ካሜራ የሌለው ፖርትፎሊዮ አይኖረውም» ይባላል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ታንጀሪን» ደግሞ በአይፎን 5ኤስ ስልክ ተቀርጿል። «ሥራ በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ደካማው ሥራ ጠንካራውን ያስንቃል።

ዋናው ስሕተት «ስለ ፊልም መጻፍ ማለት ታሪኩን መተረክ ነው» የሚለው ነው። ማመልከቻውን የሚያዩት መምህራን ታሪኩን ከፊልሙ ማግኘት ይችላሉ፤ ከአመልካቹ የሚፈልጉት ፊልሙ በተመልካቹ ላይ የሚያሳድረውን ስሜት በምን ዘዴ እንደፈጠረ ማየት መቻሉን ነው።

ባለፈው ዓመት የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ እየወጣች ከኮምቦልቻ ትመላለስ የነበረች ልጅ ስድስት ገጽ ሙሉ ትረካ ይዛልኝ መጣች። ወረቀቱን አስቀምጠን አንዲት እናት ልጇን የምትሸኝበትን ትዕይንት ብቻ ድምፁን አጥፍተን ደጋግመን አየነው። ካሜራው የቆመው ቤት ውስጥ ነው፤ እናቲቱ ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ ምስሉ አንዴም ሳይቆረጥ ልጁ በበሩ መቃን መካከል እያነሰ ይሄዳል። ድምፁን ስንከፍተው የተሰማን የልጁ ኮቴ ሳይሆን ምድጃው ላይ የሚንጣጣው እንጨት ነበር። ልጅቷ ጥቂት ዝም ብላ «እኛም እኮ የቀረነው ከእናትየው ጋር ነው» አለችኝ። ጽሑፏን በዚሁ ሐሳብ ከፈተችው፤ ስድስቱ ገጽም ሁለት ሆነ።

ስለዚህ ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ አንድ ትዕይንት ምረጡ። መጀመሪያ ያለ ድምፅ ተመልከቱት፤ ቀጥሎ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡት። ምስሉ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ ቁጠሩ፤ ካሜራው የት እንደቆመ፣ ብርሃኑ ማን ላይ እንዳረፈ መዝግቡና ለምን እንደዚያ እንደሆነ ጻፉ። የታሪኩ ማጠቃለያ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይለፍ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ፊልም እወዳለሁ» የሚለውን የማመልከቻ ደብዳቤ መክፈቻ እባካችሁ ተዉት፤ ሁሉም አመልካች ይለዋል። በምትኩ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍን ከዓይናችሁ መጀመሪያ የተሰወረው ምን እንደነበር ብትጽፉ፣ አስተዋይ ዓይን እንዳላችሁ አንባቢው ራሱ ይረዳል። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ተቋሙ የጠየቀውን የገጽ ብዛትና የፋይል ዓይነት መልሳችሁ አንብቡ።